የጎቢው ገዳይ ትል፦ ተጫዋቾቼን ሳልጨርስ እንዴት ላስፈራቸው?

ባለሃያፊቷ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ለአምስት ጓደኞቼ ዲ ኤንድ ዲ (እኔ ታሪኩን እየተረክሁ እነሱ ዳይስ እየጣሉ የሚጫወቱት የምናብ ጀብዱ) አጫውታለሁ። ካራክተሮቻቸው (በጨዋታው ውስጥ የሚሆኗቸው ሰዎች) ሌቭል 3 ናቸው፤ ገና ዝቅተኛ ደረጃ ላይ ነው ያሉት። ቀጣዩ ጉዟቸው የሞንጎሊያውን ጎቢ በረሃ በሚመስል አገር ነው። እዚያ ላመጣባቸው ያሰብኩት ፍጡር ኦልጎይ ሆርሆይ ይባላል። ስሙ በሞንጎልኛ «የደንዳኔ ትል» እንደማለት ነው፤ በደም የተሞላ የከብት አንጀት ይመስላል ስለሚሉት። ቀይና ወፍራም ነው፤ ዓይንም እግርም የለውም። የነካው ሰው እዚያው ይሞታል ይባላል። መርዝ ይተፋል፣ ከሩቅ ሆኖ በኤሌክትሪክ ይገድላል የሚሉም አሉ።

ችግሬ ይሄ ነው። እንደተወራው ካመጣሁት በአንድ የዳይስ ውርወራ ሰው ይሞትብኛል። ለወራት የተለፋበትን ካራክተር እንደዚያ መንጠቅ አልፈልግም። ካለዘብኩት ደግሞ ተራ ትል ይሆንብኛል። 15 ሜትር አድርጌ ላሳድገው? እባካችሁ ምከሩኝ።

የአሸዋ ልጅ፦
አታሳድጊው እህቴ! ግዙፍ የአሸዋ ትል በየጨዋታው ሞልቷል። የዚህኛው ጉድ ትንሽነቱ ነው። በ1922 እ.ኤ.አ. አሜሪካዊው አሳሽ ሮይ ቻፕማን አንድሪውስ ጉዞውን ለማስፈቀድ ሲቀርብ፣ የሞንጎሊያው ጠቅላይ ሚኒስትር ትሉን ይዞ እንዲያመጣላቸው ጠይቀውት ነበር። የነገሩት ርዝመት ወደ 60 ሴንቲ ሜትር ነው፤ ከክንድ ትንሽ ቢበልጥ ነው። አንድሪውስ እንደጻፈው፣ እዚያ ከተቀመጡት ሰዎች አንዱም ትሉን በዓይኑ አላየውም። ግን ሁሉም መኖሩን ያምኑ ነበር፤ መልኩንም አንድ በአንድ ይዘረዝሩ ነበር።

አንቺም ይህንኑ አምጪላቸው። መጀመሪያ ወሬውን ብቻ ይስሙ። አንዲት አርብቶ አደር ድንኳኗ ውስጥ ታስገባቸው (ጌር ይሉታል፣ በሩ ወደ ደቡብ ነው የሚዞረው)። ጨው ያለበት የወተት ሻይ ትቅዳላቸው። ገጠር ቡና በጨው የጠጣ ሰው ጣዕሙን ቶሎ ይገምተዋል። ከዚያ ሻዩን ሳታቀብል እጇ ይቁም፤ አንደኛው ተጫዋች የለበሰውን ቢጫ ሻርፕ አይታለች። «አውልቀው» ትበለው። ትሉን ቢጫ ቀለም ይስበዋል ይባላልና። ዓይን የሌለው ፍጡር ቀለም እንዴት ያያል ብለው ቢጠይቋት መልስ አይኑራት። ዝም ብላ ሻርፑን ትጠብቅ።

ዳይስ ቆጣሪ፦
ወሬው ጥሩ ነው፣ ግን ቁጥሩም መስተካከል አለበት። ሞቱን አታጥፊው፤ በደረጃ አድርጊው። የነካው ሰው የኮንስቲትዩሽን (የሰውነት ጥንካሬ) ሴቪንግ ስሮው ይጣል፤ ይህ ከአደጋ ለማምለጥ የሚጣል ዳይስ ነው፣ ድምሩ 13 ካልደረሰ ወደቀ ማለት ነው። መጀመሪያ ሲወድቅ እጁ ይደነዝዛል፣ የያዘውንም ይጥላል። በሚቀጥለው ተራው ሲወድቅ መላ ሰውነቱ ይደርቃል። ሦስተኛ ከወደቀ ግን በቃ፣ ይሞታል። ይህን ለተጫዋቾቹ በግልጽ ንገሪያቸው። መሃል ላይ ጓደኞቹ የሚያተርፉበት ጊዜ አለ፤ ሌቭል 3 ክለሪክ (የቡድኑ ፈዋሽ ካህን) ሌሰር ሪስቶሬሽን የሚባለውን የፈውስ አስማት ካዘጋጀች ታድነዋለች። ያ ጭንቀት ራሱ ጨዋታ ነው።

ለኤሌክትሪኩ 9 ሜትር ቀጥ ያለ መስመር በቂ ነው። ባለ ስድስት ፊት ዳይስ አራት ይጣል፤ በአማካይ 14 ጉዳት ያደርሳል። ኮንስቲትዩሽኑ 14 የሆነ ዊዛርድ (አስማተኛ) በዚህ ሌቭል ወደ 20 ሂት ፖይንት (የሕይወት ነጥብ) ስላለው አንዱን ይችለዋል፤ ሁለተኛውን አይችለውም። ደግሞ ሳያስጠነቅቅ አይምታ። በተረቱ ትሉ ከመትፋቱ በፊት ግማሽ አካሉን ከአሸዋው ቀና አድርጎ ይነፋል። አንድ ሙሉ ተራ ተነፍቶ ይቁም። ያየ ይሽሽ።

የባዮሎጂ መምህር፦
አንድ ነገር ልጨምር። በ1983 እ.ኤ.አ. ኦልጎይ ሆርሆይን አይተናል ላሉ የአካባቢው ሰዎች የታታር የአሸዋ ቦአ የሚባል እባብ ቀርቦላቸው፣ «ይሄው ነው» ብለው ነበር። ይህ እባብ መርዝ የለውም። ጭራው ግን ሹል ሳይሆን ዱልዱም ስለሆነ ከጭንቅላቱ ለመለየት ያስቸግራል። ለጨዋታሽ ሸጋ ነገር ነው! ትሉ ሲወጣ የቱ ጫፍ እንደሚተፋ አትንገሪያቸው። ከኋላ መጣሁ ያለው ሰው ፊት ለፊቱ ሊሆን ይችላል።

ተጓዡ፦
ጎቢን ሙሉ በሙሉ አሸዋ አታድርጊው። አብዛኛው ጠጠርና ድንጋይ ነው፤ አሸዋው ትንሹ ክፍል ነው። እንደ ሆንጎሪን ኤልስ ያለ ቦታ ግን ክምሩ ወደ 100 ኪሎ ሜትር ይዘልቃል፣ ነፋስ ሲነካውም ያጓራል። ተጫዋቾችሽ ያን ድምፅ ትሉ ነው ብለው ይደንግጡ። ወቅቱንም ጠብቂ። ትሉ በሰኔና በሐምሌ፣ ዝናብ ሲጥል ነው ይወጣል የሚባለው። በዚያ በረሃ ዝናብ ብርቅ ነው። ሰው ሁሉ ሲደሰት አርብቶ አደሯ ልጆቿን ወደ ውስጥ ትሰብስብ።

ባለሃያፊቷ፦
እግዜር ይስጥልኝ፣ ትናንት ማታ ተጫወትነው! ቢጫ ሻርፕ የለበሰው ባርዱ (የቡድኑ አዝማሪ) ሻርፑን አላወልቅም ብሎ ወጣ። ዝናቡ ሲያባራ ሁለት ሻኛ ያላት ግመላቸው አልራመድም አለች። ከፊቷ አሸዋው በትንሹ ከፍ አለ፤ ክንድ የምታህል ቀይ ነገር ቀና ብላ መነፋት ጀመረች። ሁሉም ዝም አለ። ሰይፍ የመዘዘ የለም። ባርዱ ሻርፑን ቀደደ፣ ቀስት ላይ አሰረውና አርቆ ወረወረው። ትሉ ተከተለው። ከዚያ ሌሊቱን ሙሉ በየሰዓቱ አንድ ቁራጭ እየወረወሩ ሄዱ።

ቅዳሜ እንቀጥላለን። ቢጫው ጨርቅ አልቆባቸዋል።