ለማዳመጫ ክፍላችን የትኛው ስፒከር? የጋራ ሐሳብ ማርቀቂያ

ሰብሳቢ፦ ሰላም ለሁላችሁ። የመደርደሪያ ስፒከር ለመግዛት ተስማምተናል፤ የቀረው የትኛውን የሚለው ነው። ሁለት እጩዎች አሉን፦ ኬኢኤፍ ኤልኤስ50 ሜታ እና ሃርበዝ ፒ3ኢኤስአር። ረቂቁ ለጊዜው እንዲህ ይላል፦ «ማኅበሩ ኤልኤስ50 ሜታን ይግዛ።» እስቲ ሐሳባችሁን ወዲህ በሉ።

የድምፅ ባለሙያ፦ ሰብሳቢያችን፣ ረቂቁ ትንሽ ቸኩሏል ባይ ነኝ። ሁለቱም ግሩም ናቸው፤ መንገዳቸው ግን ለየቅል ነው። ኬኢኤፉ ትዊተሩ (ቀጭኑን ድምፅ የሚያወጣው ትንሹ ክፍል) ያለው በትልቁ ድምፅ ማውጫ መሃል ላይ ነው። ቀጭኑም ወፍራሙም ድምፅ ከአንድ ቦታ ስለሚወጣ ከመሃል ወንበር ፈቀቅ ብሎ የተቀመጠ ሰው ብዙም አይጎድልበትም። እኛ ደግሞ ተሰብስበን ነው የምናዳምጠው። የሃርበዙ የዘር ሐረግ የሚመዘዘው ከቢቢሲው ኤልኤስ3/5ኤ ነው። ያ ስፒከር በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የተሠራው የስርጭት መኪና ውስጥ፣ ጠባብ ቦታ ላይ ለሚሠሩ ሰዎች ነበር። የሰው ድምፅ በሃርበዝ ስሰማ ዘፋኙ ትንፋሽ የሚወስድበት ቦታ ሳይቀር ይለያል። ይህን በቀላሉ ባናልፈው ደስ ይለኛል።

ገንዘብ ያዥ፦ አምፕሊፋየራችን ይችላቸዋል ወይ? አዲስ ግዙ እንዳትሉኝ።

የድምፅ ባለሙያ፦ ትክክለኛ ጥያቄ ነው፣ እህቴ። የኬኢኤፉ ሴንሲቲቪቲ፣ ማለትም በተወሰነ ኃይል የሚያወጣው የድምፅ መጠን፣ 85 ዲሲቤል ነው፣ የሃርበዙ 83.5። ሁለቱም ኃይል ይፈልጋሉ፣ ሃርበዙ ትንሽ ይብሳል። 3 ዲሲቤል ለመጨመር ዋቱ እጥፍ መሆን አለበት። እንደ እኛ ድምፁን መካከለኛ አድርጎ ለሚያዳምጥ ግን ያለን ይበቃል።

የክፍሉ ኃላፊ፦ ክፍሉን ረሳችሁት! ርዝመቱ 5 ሜትር ነው። ድምፅ በሰከንድ 343 ሜትር ያህል ስለሚጓዝ በ34 እና በ69 ሄርዝ አካባቢ ባለው ወፍራም ድምፅ (ቤዝ) ላይ ክፍሉ ራሱ ያስተጋባል። ወንበሩን ከኋላው ግድግዳ ጋር ስናስጠጋው ቤዙ የሚያብጠው ለዚህ ነው። ኬኢኤፉ ጀርባው ላይ የአየር ቀዳዳ አለው፤ ከግድግዳ ራቅ ማለት ይፈልጋል። ሃርበዙ ሳጥኑ ድፍን ስለሆነ ቦታ ሲጠበው ይታገሣል። ቦታውን ሳናውቅ ስፒከሩን መምረጥ ልክ አይመስለኝም።

ወጣት አባል፦ እኔ የምለው፣ ለምን ሁለቱንም ተውሰን እዚያው ክፍል ውስጥ አንሰማቸውም? ግን ድምፃቸው በመለኪያ እኩል ይደረግ። በጥቂቱ ከፍ ያለው ሁሌ የተሻለ ይመስላል፤ ጆሯችን ይሸወዳል። የትኛው እየተጫወተ እንደሆነም ባናይ ጥሩ ነው።

ገንዘብ ያዥ፦ ይሄ ተመችቶኛል። የስታንዱ (የስፒከሩ ማቆሚያ) ወጪም አብሮ ይያዝ። ትዊተሩ ከጆሮ ትይዩ ካልሆነ ገንዘባችንን ነው የምናባክነው።

ሰብሳቢ፦ እሺ፣ ረቂቁን እንዲህ አሻሽዬዋለሁ፦ «ማኅበሩ ሁለቱን ስፒከሮች ተውሶ በማዳመጫ ክፍሉ፣ በእኩል ድምፅ፣ ከመጋረጃ ጀርባ ያሰማ። አባላት ድምፅ ይስጡ። የስታንድ ወጪ ከስፒከሩ ጋር ይያዝ።» የሚጨመር አለ?

የክፍሉ ኃላፊ፦ «ስፒከሮቹ ከግድግዳ የሚርቁበት ልክ አስቀድሞ ለየብቻ ይወሰን» የሚል ይግባ። አለዚያ ኬኢኤፉ ይበደላል።

ሰብሳቢ፦ ገብቷል።