«አልጀብራ» ከወጌሻ ጋር ምን አገናኘው?

ከሐይቅ፦ ሰላም ለሁላችሁ። ልጄ 7ኛ ክፍል ገብታ «አልጀብራ ምን ማለት ነው?» ብላ ያዘችኝ። እኔ ፈረንጅኛ ነው አልኳት፤ አጎቷ ደግሞ ዐረብኛ ነው አሏት። እስቲ የምታውቁ በሉን።

ከደሴ፦ አብሽሪ እህቴ፣ አጎቷ እውነታቸውን ነው። ዐረብኛው «አል-ጀብር» ነው፤ የተሰበረን መጠገን፣ የጎደለን መሙላት። ልጆች ሳለን ወንድሜ ከዛፍ ወድቆ ክንዱ ሲሰበር፣ የሠፈራችን ወጌሻ በቅቤ እያሸ አጥንቱን ወደ ቦታው መለሰው፤ ከዚያ በሸምበቆ ደግፎ በነጠላ ቅዳጅ ጠፍሮ አሰረው። ዐረቦች ይህን ሥራ ነው «ጀብር» የሚሉት። በስፔን አገርም ወጌሻው ድሮ «አልሄብሪስታ» ይባል ነበር።

ቃሉን ለሒሳብ የሰጠው የሒሳብ ሊቁ አል-ኽዋሪዝሚ ነው። በባግዳድ፣ በኸሊፋ አል-መእሙን ዘመን (እ.ኤ.አ. 813–833)፣ «ጀብር»ን እና «ሙቃበላ»ን በርዕሱ ያጣመረ መጽሐፍ ጻፈ። የውርስ ክፍፍል ስሌት እንኳ በሰፊው አለበት። በ1145 እ.ኤ.አ. ወደ ላቲን ሲመለስ ነው ቃሉ አውሮፓ የገባው።

እኔን ሁልጊዜ የሚገርመኝ ግን መጽሐፉ ምልክት የሚባል የለውም፤ ሁሉም በቃል ነው። ያልታወቀውን ቁጥር «ሸይእ» ይለዋል፣ «ነገር» ማለት ነው። እኛ ስሙ ሲጠፋን «እንትን» እንደምንለው። ኤክስ የመጣው ስንት ዘመን ቆይቶ ነው፤ ፈረንሳዊው ሊቅ ደካርት በ1637 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ። ስለዚህ ለልጅሽ በእንትን አሳዪያት፦ ከ10 እንትን ሲቀነስ 7 ቀረ። 10ሯ እንትን ጎድሏታል፣ ተሰብራለች። የጎደላትን ስትሞዪላት በ7 በኩልም ያንኑ ትጨምሪያለሽ፤ 10 ከ7 እና ከእንትን ጋር እኩል ሆነ። ጀብር ይኸ ነው። ቀጥሎ ሁለቱን ወገን ፊት ለፊት አቁመሽ ከየአንዳንዱ 7 ታነሺያለሽ፤ እንትን 3 ሆኖ ብቻውን ይወጣል። ሙቃበላ ማለት ይኸ ነው።

ከባቲ፦ ሙቃበላ ስትል ቂብላ ትዝ አለኝ። ይዛመዳሉ?

ከደሴ፦ አዎ፣ የቃላቱ ሥር አንድ ነው፤ ቀ-በ-ለ። ቂብላ ፊት የሚዞርበት አቅጣጫ ነው፣ ሙቃበላ ፊት ለፊት መጋጠም። የኛው «ተቀበለ»ም የዚያው ቤተሰብ ነው። እንግዳ ስንቀበል ወጥተን ፊት ለፊት አይደል የምንገናኘው?

ከሐይቅ፦ አላህ ይስጥልኝ ወንድሜ። ስኩዌር ሩት የሚባለውስ?

ከደሴ፦ እሱም ከዚያው ነው። አል-ኽዋሪዝሚ «ጂዝር» ብሎታል፣ የተክል ሥር። ላቲኖቹ «ራዲክስ» ብለው መለሱት፣ እንግሊዞቹ «ሩት»።

ከኮምቦልቻ፦ አብዱልጀባር የሚለው ስምስ ከጀብር ነው?

ከደሴ፦ ከዚያው ሥር ነው። አል-ጀባር ከአላህ ስሞች አንዱ ነው። «ኃያል፣ የሚሻውን የሚያስፈጽም» ተብሎ ይፈታል፤ «ስብራትን የሚጠግን» ብለው የፈቱትም አሉ።