ክርክር፦ ለኦቨርበሪ ሞት አራት ተሰቅለው ሁለት መማራቸው ፍትሕ ነበር?

አወያይ፦ ነገሩን ለማታውቁት ባጭሩ። ሰር ቶማስ ኦቨርበሪ ገጣሚ፣ የእንግሊዙ ንጉሥ ጄምስ 1ኛ ባለሟል የነበረው የሮበርት ካር የልብ ወዳጅና መካሪ ነበር። ካር የኤሴክስን መስፍን ሚስት ፍራንሲስ ሃዋርድን ሊያገባ ሲነሳ፣ ኦቨርበሪ «ተው» አለ። ንጉሡ በመልእክተኛነት ወደ ውጭ አገር ሊሸኘው ቢል እምቢ አለ። በሚያዝያ 1613 (እ.ኤ.አ.) ታወር በሚባለው የለንደን ግንብ ታሰረ፤ መስከረም ላይ እዚያው ሞተ። የፍራንሲስ ጋብቻ በዚያው ወር ፈረሰ፣ ለፈረንጅ ገና ሰሞን ከካር ጋር ተሞሸረች። በ1615 ኦቨርበሪ በመርዝ ተገደለ የሚል ወሬ ፈነዳ። አራት ሰው ተሰቀለ፤ ባልና ሚስቱም ሞት ተፈርዶባቸው ነበር፣ ንጉሡ ማራቸው። በሉ እንግዲህ።

ነገር ፈላጊ፦ «ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ»። ምን ክርክር አለው?

ጠበቃው፦ አለው እንጂ። በዘመኑ ሕግ ዋናው ወንጀለኛ ሳይፈረድበት አባሪው አይዳኝም። ዋናው ደግሞ መርዙን አቀበለ የተባለው ጠባቂው ሪቻርድ ዌስተን ነው። ችሎት ቀርቦ «በዚህ ችሎት አልዳኝም» ብሎ ደረቀ። እሱ ካልተዳኘ ትልልቆቹን መንካት አይቻልም። ዳኛው ኤድዋርድ ኮክ ደረቱ ላይ ድንጋይ ተጭኖበት እንደሚሞት ነግሮ አስፈራራው፤ በቀናት ውስጥ ተረታ፣ በጥቅምት ተሰቀለ። የዌስተን አንገት ወደ ጌቶቹ መግቢያ በር ሆነ ማለት ነው። ጌቶቹ ግን በዚያው በር በሰላም ወጡ!

ብርቄ፦ ጋሼ ጠበቃው፣ መጀመሪያ መርዝ መሆኑን በምን አወቁ? አስከሬኑ በጥድፊያ እዚያው ታወር ውስጥ ነው የተቀበረው። ያከመው የንጉሡ ሐኪም ማየርን ደግሞ ለምስክርነት አልተጠራም። ኦቨርበሪ ራሱ ንጉሡን ለማራራት ብሎ ማስታወኪያ ይወስድ ነበር። እንዲህ በተድበሰበሰ ሞት ላይ ሁለት ሰው ጨምሮ መስቀል ምን ይጠቅማል?

ጠበቃው፦ እህቴ፣ ጥርጣሬው ለአራቱ ለምን አልሠራም ታዲያ?

ብርቄ፦ ፍራንሲስ በግንቦት 1616 ጥፋቷን አምናለች። ያመነ ደግሞ ምሕረት ይገባዋል።

ነገር ፈላጊ፦ ፍራንክሊንም አምኗል እኮ! መድኃኒት ቀማሚው። ያገኘው ገመድ ነው። አን ተርነር የምትባለዋ የፍራንሲስ ባልንጀራም፣ ያቺ በቢጫ ስታርች የደረቀ የአንገት ልብስ ፋሽን ያወጣችው፣ አልተረፈችም። እኔን የሚያሳዝነኝ ግን የታወሩ አዛዥ ኤልዌስ ነው። ዌስተንን ብልቃጥና የኦቨርበሪን ምግብ ይዞ ያገኘዋል። ሰውየው አዛዡም ሴራው ውስጥ ያለ መስሎት «አሁን ልስጠው?» ይለዋል። ኤልዌስ ገሥጾ አስጣለው።

ጠበቃው፦ አስጣለው፣ ከዚያስ? አፉን ዘጋ። ዌስተንንም ከሥራው አላባረረውም። እሱን አልከራከርለትም፤ ዝምታውን ከላይ ሰው ፈርቶ እንደሆነ ግን አትርሱ። አዝዛለች የተባለችው ተምራ፣ ፈርቶ ዝም ያለው ተሰቀለ።

አወያይ፦ ባልና ሚስቱም እስከ 1622 ታስረዋል፣ እሱም ይቆጠር።

ጠበቃው፦ ተቆጠረ። ከቤታቸው ሰው ጋር፣ ባማረ ክፍል። የእኔ ክስ ግን በንጉሡ ላይ ነው። ኦቨርበሪን ያለ ፍርድ ያሰረው ማነው? እሱ። የፍቺውን ጉዳይ የሚያዩት ዳኞች ሲከፈሉ ጳጳሳት ጨምሮ 7 ለ5 እንዲያልቅ ያደረገውስ? እሱ ነው። ገዳዩ ማንም ይሁን፣ ሟቹን አስሮ ያቀበለው ንጉሡ ነው።

ብርቄ፦ ምርመራው እንዲካሄድ የፈቀደውም እሱ ነዋ! ባይፈቅድ ሬሳው ከነምስጢሩ ተቀብሮ ይቀር ነበር።

ነገር ፈላጊ፦ መቼ ፈቀደ ብርቄ? በ1615 መከር ላይ። ጆርጅ ቪሊየርስ የሚባለው አዲሱ ወጣት በዚያው ዓመት ሚያዝያ የሰርነት ማዕረግ ተሰጥቶት፣ ካር ከንጉሡ ፊት መጥፋት ከጀመረ በኋላ። ካር በሞገስ ላይ ሳለ በነበሩት ሁለት ዓመታት አንድ ሰው እንኳ «ኦቨርበሪ ምን ነካው?» ብሎ ተጠይቋል?