የተማሪዎች የጥርስ መበስበስ በከተማና በገጠር፦ የጋራ ፕሮፖዛላችን ላይ ሐሳብ ስጡ

አስተባባሪ፦
ሰላም ለሁላችሁም። ረቂቁን ያነበባችሁ አስተያየታችሁን እዚሁ ጻፉ። በአጭሩ የ12 ዓመት ልጆችን በከተማም በገጠርም እናያለን፣ የተበሉ፣ የተነቀሉና የተሞሉ ጥርሶችን ቆጥረን አማካዩን እናወዳድራለን። 12 ዓመትን የመረጥነው የዓለም ጤና ድርጅትም ለንጽጽር የሚጠቀምበት ዕድሜ ስለሆነ ነው።

የጥርስ ሐኪም፦
ዕድሜው ጥሩ ነው፣ አማካዩ ላይ ግን አልስማማም። መለኪያው እ.ኤ.አ. ከ1938 ጀምሮ የተሠራበት ነው፤ ጥቅሙን አልክድም። ግን ዋናውን ነገር ይሸፍንብናል። ሦስት ጥርሷ ተሞልቶላት በሰላም የምታኝክ የከተማ ልጅ 3 ተብሎ ይመዘገብላታል። ሦስት ጥርሱ ተቦርቡሮ ሌሊቱን በሕመም ሲገላበጥ የሚያድር የገጠር ልጅም 3 ነው። ወረቀቱ ላይ እኩል ናቸው! እንዲያውም ከተማ ውስጥ ስኳርም ሐኪምም ቅርብ ከሆነ የከተማው ቁጥር ከፍ ይልና ገጠሩ ደህና ነው ተብሎ ይታለፋል። ስለዚህ ያልታከመው ጥርስ ለብቻው ይቆጠር፣ መግል የያዘውም እንደዚሁ።

ውኃውንም አትርሱ። ውኃ ውስጥ ያለው ፍሎራይድ የሚባል ማዕድን በልኩ ሲሆን ጥርስን ይጠብቃል፣ በሊትር ከ1.5 ሚሊግራም ሲያልፍ ግን በተለይ ጥርሳቸው ገና እየተሠራ ያሉ ልጆችን ይጎዳል። አንዳንድ የጉድጓድ ውኃ ከዚህ በጣም ያልፋል። የሚያመጣውን ቡናማ ነጠብጣብ ያልሠለጠነ ዓይን መበስበስ ነው ብሎ ይመዘግበዋል።

የስታትስቲክስ ባለሙያ፦
ሁለት ነገር ልጨምር። ናሙናውን በክፍል አንውሰድ፤ ገጠር ትምህርት ዘግይተው የሚጀምሩ ካሉ አንድ ክፍል ውስጥ የ11ም የ15ም ዓመት ልጅ ልናገኝ ነው። በዕድሜ ይሁን። ደግሞ አንዱ መርማሪ ከተማ፣ ሌላው ገጠር ከሄደ ልዩነቱ የልጆቹ ይሁን የመርማሪዎቹ አይታወቅም። ሁሉም ሁለቱም ጋ ይሂዱ፣ የተወሰኑ ልጆችንም ደግመው ይዩ።

መምህርት፦
ዶክተር፣ እኔ የምጠይቀው ከቆጠራው በኋላ ስላለው ነው። ክፍል ውስጥ ጉንጩን በእጁ ደግፎ የሚቀመጥ ልጅ ጥያቄ ብትጠይቁት አይሰማችሁም። አፉን አስከፍተን አይተን፣ ቁጥር ጽፈን ልንሄድ ነው? እንዲህ ከሆነ እኔ ወላጆችን አስፈቅዱ ብባል አፌን ሞልቼ ማስፈቀድ አልችልም።

የጥርስ ሐኪም፦
ልክ ነሽ፣ ይህ ረቂቁ ላይ መጀመሪያ መግባት ነበረበት። ደግሞ ይቻላል። መብራትም መሰርሰሪያም በሌለበት በእጅ መሣሪያ የበሰበሰውን ፍቆ መሙላት አለ። ጥንካሬው 38 በመቶ የሆነው ሲልቨር ዳያሚን ፍሎራይድ የሚባለው ፈሳሽም አለ፤ ሲቀባ መበስበሱን ብዙ ጊዜ ባለበት ያቆመዋል፣ እ.ኤ.አ. በ2021 የዓለም ጤና ድርጅት አስፈላጊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥም ገብቷል። የተቀባው ቦታ ግን ጥቁር ሆኖ ይቀራል፤ ወላጅ ፈቃዱን ከመፈረሙ በፊት የጠቆረ ጥርስ ፎቶ ማየት አለበት፣ ኋላ «የልጄን ጥርስ አጠቆሩት» እንዳይመጣ። መግል የያዘው ደግሞ በዚህ አይድንም፣ ወደ ሕክምና ተቋም መላክ አለበት።

ከተቻለ የ6 ዓመት ልጆችንም እንጨምር። የመጀመሪያዋ ቋሚ መንጋጋ የምትወጣው በዚያ ዕድሜ አካባቢ ነው። ምንም ጥርስ ሳይነቀል ከወተት ጥርሶቹ ኋላ ብቅ ስለምትል ለብዙ ወላጅ እሷም የወተት ጥርስ ትመስለዋለች፣ ትወልቃለች ተብሎ ችላ ስትባል ትበሰብሳለች።

አስተባባሪ፦
ተቀብያለሁ። ያልታከመው ለብቻው ይቆጠራል፣ ናሙናው በዕድሜ ይሆናል፣ የሕክምናው በጀትም ከጥናቱ ጋር በአንድ ሰነድ ይገባል። ገንዘብ ሰጪዎች በጀት ቀንሱ ካሉ የትምህርት ቤቶቹን ብዛት እንቀንሳለን እንጂ ሕክምናውን አንነካም። የ6 ዓመቶቹ ጉዳይ የሰው ኃይላችንን ካየን በኋላ ይወሰን። መምህርት፣ የወላጆችን ደብዳቤ አንቺ ብትጽፊው ደስ ይለኛል፤ ማንበብ ለማይችሉም በቃል የሚነበብ ይሁን። የውኃ ምርመራውን ክፍል ማን ይውሰድ?