የማይክል ኮርስ ቦርሳ ዲዛይነር ነው ወይስ ብራንድ ብቻ? ያልበረደው የግሩፓችን ክርክር

አድሚን፦ ከትናንት ወዲያ አንዲት አባላችን እህቷ ከአሜሪካ የላከችላትን የማይክል ኮርስ ቦርሳ ፎቶ ለጠፈች። "የመጀመሪያዬ ዲዛይነር ቦርሳ" ብላ ነበር የጻፈችው። ወዲያው አንዷ "እሱ ብራንድ እንጂ ዲዛይነር አይደለም" አለቻት። ከዚያ ወዲህ ግሩፑ ሰላም አላገኘም። እሺ፣ እዚሁ እንነጋገርበት። አንድን የቦርሳ ስም ዲዛይነር የሚያሰኘው ምንድን ነው? ዋጋው ነው? ቆዳው ነው? የሠራው ሰው ነው? መሰዳደብ ክልክል ነው። በክርክር ሰበብ የሚሸጥ ቦርሳ መለጠፍም ክልክል ነው።

የሊስበርጓ፦ ያልኩት እኔ ነኝ፣ አልደበቅም። ቨርጂኒያ ያላችሁ ሊስበርግ አውትሌትን፣ ብራንዶች በቅናሽ የሚሸጡበትን የገበያ ማዕከል፣ ታውቁታላችሁ። ቅዳሜ ከሄዳችሁ ግማሹ ሐበሻ እዚያ ነው። የቦርሳው ዋጋ ተሰርዞ ከሥሩ ሲሶው ይጻፋል። በዚያ ላይ ኩፖን አለ። በዚያ ላይ "ሁለት ከገዛሽ" አለ። ደግሞ ከዋናው ሱቅ ተርፎ የመጣ እንዳይመስላችሁ። አውትሌት ከሚሸጠው ውስጥ ብዙው ከጅምሩ ለአውትሌት ተብሎ የተሠራ ነው። ዓመቱን ሙሉ ቅናሽ ላይ የሚውል ዕቃ ዲዛይነር ከተባለ ምን ቀረ?

የዱባይዋ፦ እህቴ፣ አንቺ የምታወሪው ስለ ቅናሽ ነው። ጥያቄው ሌላ ነው። ማይክል ኮርስ እኮ በሕይወት ያለ ሰው ነው። በ1981 በራሱ ስም ልብስ መሥራት ጀመረ (ዓመቱን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምጽፈው)። በ1997 ሴሊን የሚባለው የፓሪስ ፋሽን ቤት ወስዶት ለዓመታት ልብስ ሲነድፍለት ነበር። ፈረንሳዮቹ ሲቀጥሩት ዲዛይነር ነበር፤ ሊስበርግ ሲደርስ ምን ነካው?

ባለ ስኒከሩ፦ ኩፖን ነካው።

የሕግ ተማሪው፦ ሳቃችሁን ስትጨርሱ አንድ ነገር ልጨምር። ይህ ጭቅጭቅ ኒው ዮርክ ፍርድ ቤት ድረስ ሄዷል። ኮችና ኬት ስፔድ የአንድ ኩባንያ ናቸው፣ ታፔስትሪ ይባላል። ማይክል ኮርስ፣ ቬርሳቼና ጂሚ ቹ ደግሞ ካፕሪ በሚባል ኩባንያ ሥር ነበሩ። በነሐሴ 2023 ታፔስትሪ ካፕሪን በ8.5 ቢሊዮን ዶላር ሊገዛ ተስማማ። የአሜሪካው የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን በሚያዝያ 2024 ከሰሰ። ክሱ ምን ይላል መሰላችሁ? ኮች፣ ኬት ስፔድና ኮርስ የራሳቸው መደብ አላቸው ይላል። ከተራው ቦርሳ በላይ ናቸው፣ ከእነ ኤርሜስና ሉዊ ቪቶን በታች ናቸው። ደመወዝተኛ ሴት አጠራቅማ የምትገዛው ቅንጦት ማለት ነው። ሦስቱ በአንድ እጅ ከገቡ የሚፎካከር ይጠፋል፣ ዋጋ ይወጣል አሉ።

ኩባንያዎቹ ደግሞ "እንዲህ የሚባል መደብ የለም፣ ሴቶች ከሁሉም ያማርጣሉ" ብለው ተከራከሩ። ኮርስ ራሱ ምስክር ሆኖ ቀርቧል። ዳኛዋ በጥቅምት 2024 ከመንግሥት ጎን ቆመች፣ ግዢውም ታገደ። በኅዳር ስምምነታቸውን ቀደዱ። ስለዚህ የሊስበርጓ ትክክል ናት። ኮርስ የት እንደሚቀመጥ በዳኛ ተወስኗል።

ባለ እርሳሷ፦ ቆይ ወንድሜ፣ አልተወሰነም። ፍርድ ቤቱ ያየው ገበያውን ነው። ስንት ይሸጣል፣ ከምን ይሠራል፣ የት ይሸጣል፣ ማን ከማን ጋር ይፎካከራል። ቦርሳውን ማን ነደፈው፣ ምን አዲስ ነገር አመጣ ብሎ የጠየቀ የለም። ሊጠይቅም አይገባውም፣ ሥራው አይደለም። አንተ ግን ያንን ወስደህ ለሌላ ጥያቄ መልስ አደረግከው።

ጋሽ ወስፌ፦ እኔ በቆዳ ሥራ ነው ያረጀሁት። ስለ ስም አላውቅም፣ ስለ ስፌት ልንገራችሁ። ኤርሜስ በ1837 ፓሪስ ላይ ሲጀምር የፈረስ ዕቃ ሠሪ ነበር። ልጓም፣ ጭነት መሳቢያ፣ እንዲህ ያለ ነገር። ስፌቱ ከዚያ የመጣ ነው። ሁለት መርፌ በአንድ ቀዳዳ ከግራና ከቀኝ ይተላለፋል። አንዱ ክር ቢበጠስ ሌላው ይይዘዋል። የማሽን ስፌት ግን አንዴ ከተበጠሰ ይተረተራል። ቢርኪን የሚሉትን ውድ ቦርሳቸውን ከቆረጣው በኋላ አንድ ሰው ይዞት እስከ መጨረሻው ይሠራዋል። ዲዛይነር ብዬ ባርኔጣ የማነሳው ለዚህ ነው።

ሉዊ ቪቶን ግን ባትነኩት ይሻላል። ያ ፊደል የተዘራበት ቦርሳ ቆዳ እኮ አይደለም፤ ፕላስቲክ የተለበጠ ሸራ ነው። ቆዳው ማንገቻውና ጠርዙ ላይ ብቻ ነው። ፊደሉንም በ1896 ልጁ ዦርዥ ያወጣው አስመሳዮችን ለመከላከል ነው። አሁን በዓለም ላይ ከእሱ በላይ የተኮረጀ ነገር ያለ አይመስለኝም።

የመርካቶው ልጅ፦ ጋሼ እሱን ለእኛ ተዉልን። መርካቶ ቪቶን ያልሆነ ቦርሳ የለም። እዚህ ሰው የሚጠይቀው "ኦርጅናል ነው ኮፒ?" ብቻ ነው። "ዲዛይነር ነው?" ብሎ የጠየቀኝ ደንበኛ እስካሁን አላየሁም።

የዱባይዋ፦ ጋሼ፣ እጅዎን ይባርከው፣ ግን በአንድ ነገር አልስማማም። ዲዛይነርን በእጅ ሥራ ከለካነው ትላልቆቹም ይወድቃሉ። በ2024 የሚላን ፍርድ ቤት ምን እንዳወጣ ያስታውሱ። የዲዮር አንድ የማምረቻ ድርጅት አንዱን ቦርሳ ለሚገጣጥምለት ወርክሾፕ 53 ዩሮ ይከፍል ነበር። የቆዳው ዋጋ ሳይጨምር ነው። ያው ቦርሳ ሱቅ ውስጥ 2,600 ዩሮ ይሸጣል። ሠራተኞቹ እዚያው ወርክሾፕ ውስጥ ያድሩ ነበር። ፍርድ ቤቱ ድርጅቱን ለጊዜው በአስተዳዳሪ ሥር አደረገው። ከዚያ በፊት በዚያው ዓመት የአርማኒ አንድ ድርጅት ላይም ተመሳሳይ ነገር ደርሷል። ታዲያ ዲዮር ዲዛይነር አይደለም ልንል ነው?

ጋሽ ወስፌ፦ እንዲያ ከሆነማ አይደለም እላለሁ። ምን ያስፈራኛል።

ባለ ስኒከሩ፦ ጋሼ ዲዮርን አባረሩት። ቀጥሎ ማን አለ?

የሊስበርጓ፦ ጋሼ እውነታቸውን ነው። ግን የሰው ስም የሚለውንም ነገር አትመኑት። ኬት ስፔድን አስቡ። በ1993 በኋላ ካገባችው ሰው ጋር ኒው ዮርክ ላይ ጀመረች፣ ቀላል ባለ አራት ማዕዘን የናይሎን ቦርሳ ነበር። ቆይተው ድርጅቱን ሸጡት፣ በ2007 ጥላ ወጣች። ስሟ ግን እዚያው ቀረ። በኋላ ሌላ ቦርሳ ስትጀምር በሌላ ስም ነበር የጀመረችው፣ የራሷ ስም የራሷ አልነበረማ። በ2018 አረፈች። ቦርሳው ዛሬም "ኬት ስፔድ" እያለ ይሸጣል። የፓሪሱ ዲዛይነር ፒየር ካርዳንስ? ስሙን ከ800 በላይ ለሚሆኑ ምርቶች አከራይቷል። እስክሪብቶ፣ ካልሲ፣ ፎጣ። የአባቶቻችን ቀበቶ ሁሉ ፒየር ካርዳን ነበር። የዱባይዋ፣ ያንቺ "በሕይወት ያለ ሰው ነው" የሚለው ክርክር የትም አያደርስሽም።

የዱባይዋ፦ የትም ባያደርስ ከኩፖን ይሻላል።

ባለ እርሳሷ፦ እኔ የምለው ሌላ ነው። ሎጎውን በእጃችሁ ሸፍኑት። የሚቀረው ነገር የማን እንደሆነ ይታወቃል? ካልታወቀ ብራንድ ነው። ከታወቀ አንድ ሰው አስቦበታል ማለት ነው።

ሻኔል በየካቲት 1955 ያወጣችውን ቦርሳ ተመልከቱ። ስሙም ከወሩና ከዓመቱ የወጣ ነው፣ 2.55። እስከዚያ ድረስ የደህና ሴት ቦርሳ በእጅ ነበር የሚያዘው። እሷ ረጅም ሰንሰለት አደረገችለትና ትከሻ ላይ ሰቀለችው፣ እጅ ነጻ ወጣ። ያ ንድፍ ነው። ቦኒ ካሺንን ደግሞ ብዙዎቻችሁ አታውቋትም። በ1962 ኮች ቀጠራት። ከመኪናዋ ተጣጣፊ ጣሪያ መቆለፊያ ተነስታ ያንን የሚሽከረከር ቁልፍ ቦርሳ ላይ አመጣችው። ዛሬም የኮች ቦርሳ በእሱ ይታወቃል። ስለዚህ የሊስበርጓ፣ ኮች አውትሌት ቢሸጥም ያ ቁልፍ ያለበት ቦርሳ ዲዛይነር ነው እላለሁ። ቅናሹ ንድፉን አይሰርዘውም።

ቢርኪንን እዩ። ፊት ለፊቱ ላይ ትልቅ ሎጎ የለበትም። በ2024 መጨረሻ ዋልማርት ድረ ገጽ ላይ 80 ዶላር ገደማ የሆነ አስመሳይ ሲወጣ ሰው ወዲያው የዋልማርትንና የቢርኪንን ስም አዳቅሎ "ዊርኪን" አለው። ማንም ስሙን አላነበበም። ቅርጹን ነው ያወቁት።

አሁን ኮርስን ሸፍኑት። ያችን ክብ ኤም ኬ ስታነሱ የሚቀረው ጥሩ፣ ንጹሕ፣ የማንም ሊሆን የሚችል ቦርሳ ነው። ሰውዬው ዲዛይነር ነው፣ አልካድኩም። ቦርሳው ግን አይደለም። ሁለቱ አይጣሉም።

የሕግ ተማሪው፦ ቴልፋርን ምን ልታደርጊው ነው? ቲ እና ሲ ፊቱ ላይ ትልቅ ሆኖ ታትሟል። እሱን ስትሸፍኚው የገበያ ፌስታል ይመስላል።

ባለ እርሳሷ፦ አዎ፣ እሱም ሆን ተብሎ ነው! ቴልፋር ክሌመንስ ከላይቤሪያ ቤተሰብ የተወለደ የኒው ዮርክ ልጅ ነው። በ2014 ያወጣው ቦርሳ የወረቀት የገበያ ከረጢት ቅርጽ ያለው ነው። ሁለት ዓይነት ማንገቻ አለው፣ አጭርና ረጅም። ቆዳውም እውነተኛ ቆዳ አይደለም። መፈክሩ "ለአንተ ሳይሆን ለሁሉም" የሚል ነው። በ2020 እያለቀ ሲያስቸግር ደግሞ ለአንድ ቀን ትዕዛዝ ከፈተ፤ ያዘዘ ሁሉ ያገኛል፣ ተሠርቶ እስኪደርሰው ይጠብቃል። ኤርሜስ እንዳይገኝ አድርጎ ይሸጣል፣ ይኼኛው ሁሉም እንዲያገኘው አድርጎ። ዋጋ ቢሆን ኖሮ ይወድቅ ነበር። ቆዳ ቢሆን ኖሮ ይወድቅ ነበር። ግን ከኮርስ በላይ ዲዛይነር ነው።

የመርካቶው ልጅ፦ ቆዳ ከሆነማ እኛ ነበርን ዲዛይነር። የደጋ በግ ቆዳችን ለጓንት በዓለም የታወቀ ነው። ፒታርድስ የሚባለው የእንግሊዝ ድርጅት፣ ከ1826 ጀምሮ የነበረው፣ በኢትዮጵያ ቆዳ ጓንት ሲያሠራ ኖሮ በ2023 ነው የተዘጋው። ቆዳው የእኛ፣ ስሙ የእነሱ።

ጋሽ ወስፌ፦ ይኼን ልጅ ወደድኩት። ግን እውነቱን ልንገርህ ልጄ። እኔ ጋ ደንበኛ ሲመጣ ስልኩን ነው የሚያወጣው። "ጋሼ፣ ልክ እንደዚህ ሥሩልኝ።" ፎቶው የጣሊያን ነው፣ የፈረንሳይ ነው። እሠራለሁ፣ ቤተሰብ አለኝ። አንዳንዱ ሎጎውንም ጭምር ይፈልጋል። እሱን አልሠራም፣ ከፈለገ መርካቶ ይሂድ፤ ልጁ አይከፋውም። "ጋሼ፣ የራስዎን አሳዩኝ" የሚል ግን በጣት የሚቆጠር ነው። የራሴን ካሳየሁት ደግሞ ዋጋው ላይ ፊቱ ይጠቁራል። ለቻይናው ኮፒ የከፈለውን ለእኔ አይከፍልም። ጎበዝ ወጣቶች አሉ፣ የራሳቸውን ቅርጽ የሚያወጡ። እነሱም ወደ ውጭ ይልካሉ እንጂ እዚህ አይሸጥላቸውም።

ባለ እርሳሷ፦ ጋሼ፣ ታዲያ ያ የራስዎ የሚሉት ቦርሳ ነው ዲዛይነር። ስሙን ማንም ባያውቀውም።

የዱባይዋ፦ አሁን በጣም ቀለለ። ማንም የማያውቀው ስም ዲዛይነር ሆነ፣ ኮርስ ወደቀ። እሺ አንድ ጥያቄ ልጠይቅሽና እሄዳለሁ፣ ሥራ ይጠብቀኛል። ቢርኪንን ማን ነደፈው? ዣን ሉዊ ዱማ። የኤርሜስ ሊቀመንበር፣ የቤተሰቡ ልጅ። ከፓሪስ ለንደን በአውሮፕላን ሲሄዱ ተዋናይቷ ጄን ቢርኪን ዕቃዋ ተበትኖባት "ለእናት የሚሆን ቦርሳ የለም" ብላ አማረረችለት። በ1984 ቦርሳው ወጣ። ያ የመጀመሪያው ቦርሳ በሐምሌ 2025 ፓሪስ ላይ በ8.6 ሚሊዮን ዩሮ ተሸጠ። ሐሳቡ የደንበኛዋ፣ ሥዕሉ የአለቃው። ዲዛይነሩ የት አለ?

ባለ እርሳሷ፦ አለቃ ቢሆንስ? ተቀምጦ አዳመጣት፣ ቀርጾ አወጣው፣ እንዲህ ይሁን ብሎ ወሰነ። ኮርስ ቤት የዛሬውን ቶት፣ ያንን ባለ ሁለት ማንገቻ ትልቅ ቦርሳ፣ ማን እንደወሰነው ብትነግሪኝ ያንን ሰውም ዲዛይነር እለዋለሁ።

የዱባይዋ፦ ፈልጌ እመጣለሁ። አድሚን፣ እንዳትዘጋው።