ማኑዋሉ «ባለሙያ ይጥሩ» ከማለት ሌላ አያውቅም እንዴ?

ጠያቂ፦ ካልሲ ቆጣሪ
ልብስ ማጠቢያ ማሽኔ መሃል ላይ ቀጥ አለ። ውሃውን አልደፋም፣ በሩም አይከፈትም። ስክሪኑ ላይ «ኢ20» ይላል።
ማኑዋሉን አወጣሁ። ትራስ ያክላል። ግን በ14 ቋንቋ ስለሆነ እኔ የማነበው 9 ገጽ ብቻ ነው። ከዘጠኙ አራቱ ማስጠንቀቂያ! ልጅ ውስጡ እንዳይገባ፣ ቤንዚን የነካው ልብስ እንዳይታጠብ። እሺ፣ ገብቶኛል። ኮዱን ፈልጌ ፈልጌ መጨረሻው ገጽ ላይ አገኘሁት፦ «የፍሳሽ ችግር። ባለሙያ ያነጋግሩ።» አለቀ። የፍሳሽ ችግር መሆኑንማ ከመስታወቱ ጀርባ የሚንቦጫረቀው ውሃ ነግሮኛል! ሥዕሉ ደግሞ ይብሳል። ቀስት አለው፤ ምኑን እንደሚያሳይ የሚያውቀው የሳለው ሰው ብቻ ነው።
ባለሙያ ከመጥራቴ በፊት ራሴ የማየው ነገር አለ?

መልስ፦ የድሮ ካቻቢቴ
አለ እንጂ። መጀመሪያ ከሶኬቱ ንቀለው። ውሃው ትኩስ ከሆነ እስኪበርድ ጠብቅ። ከፊት ለፊት ታች ጥጉ ላይ ትንሽ ክዳን አለች። ከኋላዋ ያለው ክብ መዝጊያ የፓምፑ ፊልተር ነው። ሥሩ ዝርግ ሳህን አድርግና ወደ ግራ በትንሽ በትንሹ ፍታው። እኔ አንዴ ቸኩዬ በአንድ ጊዜ ፈታሁት፤ ወለሉ ሐይቅ ሆነ። አጠገቡ ቀጭን ቱቦ ካለ ግን ውሃውን መጀመሪያ በእሱ አፍስስ።

መልስ፦ ብሎን ለቃሚ
ማኑዋል እኮ ሁለት ዓይነት ነው። ለእኛ የሚሰጡት አለ፣ ለጠጋኝ የሚሰጡት አለ። የኮዱ ትርጉም፣ የኤሌክትሪክ ገመዱ ሥዕል፣ የፓምፑ ልኬት ሁሉ የጠጋኙ ላይ ነው። አንዳንድ ማሽን ውስጥማ ያ ወረቀት ተጣጥፎ ተቀምጧል። ለማንበብ መጀመሪያ ማሽኑን መፍታት ነው!
በአውሮፓ ኅብረት ከ2021 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የልብስ ማጠቢያ አምራቾች መለዋወጫ ቢያንስ ለ10 ዓመት እንዲያቀርቡ፣ የጥገና መረጃም እንዲሰጡ ይገደዳሉ። መረጃው ግን ለማን? ለባለሙያ ጠጋኝ። ዞሮ ዞሮ እዚያው።

ጠያቂ፦ ካልሲ ቆጣሪ
ካቻቢቴ፣ እግዜር ይስጥህ! (በነገራችን ላይ «አንቺ» ነኝ።) ፈታሁት። አንድ የሸሚዝ ቁልፍና አንድ የሕፃን ካልሲ ወጣ። ካልሲው ከጠፋ ሁለት ወር ሆኖት ነበር። መልሼ ገጥሜ ስሞክረው ውሃውን ደፋ።
ማኑዋሉ መጨረሻ ገጽ ላይ በእስክሪብቶ ጻፍኩበት፦ «ታች፣ በቀኝ ጥግ። ወደ ግራ ይፈታል። ሳህን አትርሺ።»