ከፍዬ ቆሜ ተቀጣሁ፤ ቅናሹ ዛሬ ማታ ያበቃል። ልክፈል ወይስ ልከራከር?

መንገደኛ21፦
እባካችሁ የሚያውቅ ካለ ቶሎ! የፓርኪንግ ቅጣት ተለጥፎብኛል፤ «ሳይከፈል የቆመ» ይላል። እኔ ግን በአፕ ከፍያለሁ፣ ደረሰኙም ስልኬ ላይ አለ። በግማሽ የሚከፈልበት ጊዜ ዛሬ እኩለ ሌሊት ላይ ያበቃል። ልክፈልና ልገላገል ወይስ ልከራከር? ከፍዬ በኋላስ መከራከር ይቻላል?

ጋቢና፦
ስክሪንሾት አንስተህ ላክላቸው፣ አለቀ። በአፕ የተከፈለ ነገር አይጠፋም።

የደንብ ሰው፦
ወንድሜ፣ ገና አትክፈል። በአብዛኛው ቦታ መክፈል ጥፋቱን እንደማመን ነው የሚቆጠረው። ፋይሉ ይዘጋል፣ ከዚያ በኋላ የምትጽፈውን የሚያይልህ የለም። ቅሬታው በቅናሹ ጊዜ ውስጥ ከገባ ግን ብዙ ከተሞች ቅናሹን ያቆዩልሃል፤ ውድቅ ቢያደርጉት እንኳ በግማሽ የምትከፍልበት አዲስ ቀን ይሰጡሃል። ሁሉም ግን እንደዚያ አያደርጉም። የወረቀቱን ጀርባ አንብብ፤ ቅሬታ ስለማቅረብ የሚናገረው ክፍል ውስጥ፣ ቅሬታ ሲገባ የክፍያው ቀን ይቆማል ወይስ ይቀጥላል የሚለውን ፈልግ። መልሱ እዚያ ከሌለ ቅጣቱን ባወጣው መሥሪያ ቤት ድረ ገጽ ላይ ይኖራል።

ኩርባ፦
ከፍሎ መከራከርማ ይቻላል ባይ ነኝ። ገንዘቡን ይመልሱልሃል።

የደንብ ሰው፦
ኩርባ፣ እንዲህ ያለ ምክር ሰው ያስከስራል። ከፍለህ መከራከር የሚፈቀደው ወረቀቱ ወይም ድረ ገጹ በግልጽ ሲፈቅድ ብቻ ነው። ካልተጻፈ እንደማይቻል ቁጠረው።

ፍሬን ያዥ፦
እኔ ደግሞ ከጥያቄው መነሻ ጋር አልስማማም። «ከፍያለሁ» ብቻውን ምንም ማለት አይደለም። ለየትኛው ታርጋ? ለየትኛው ዞን? ከስንት ሰዓት ጀምሮ? ተቆጣጣሪው ያንተን ስልክ አያይም። ታርጋህን በእጁ ባለው መሣሪያ ያስገባል ወይም በካሜራው ያነሳል፤ መሣሪያው ለዚህ ታርጋ፣ በዚህ ዞን፣ በዚህ ሰዓት ክፍያ አለ ወይም የለም ይለዋል። ከሦስቱ አንዱ ካልገጠመ ለእሱ አልከፈልክም። ቅጣቱ ላይ ያለውን ሰዓትና አፑ ላይ ያለውን መነሻ ሰዓት ጻፍልን።

መንገደኛ21፦
እህት ነኝ። ዞኑን ምሰሶው ላይ ካለው ቁጥር ጋር አመሳክሬያለሁ፣ ልክ ነው። ታርጋው የራሴ ነው። ቅጣቱ 14፡42 ይላል፣ አፑ የጀመረው 14፡36።

ጋቢና፦
በቃ ስክሪንሾቱን ላኪያ!

ኩርባ፦
እህቴ፣ ስድስት ደቂቃ ቀድመሽ ከከፈልሽ ሰዓቱ ችግር የለበትም። «ታርጋው የራሴ ነው» ያልሽውን ግን በልብሽ አትመኚው። ደረሰኙን ክፈቺና የታርጋውን ቁጥር ከሊብሬው ጋር አንድ በአንድ አመሳክሪ፤ ደግሞ ከመጨረሻው ወደ መጀመሪያው። እንደወትሮው ካነበብሽው ዓይንሽ የለመደውን ቁጥር ነው የሚያይልሽ። ዜሮ ቁጥሩና «ኦ» ፊደሉ፣ አንድ ቁጥሩና «አይ» ፊደሉ ይምታታሉ። አፑ ላይ የተሸጠች መኪና ተመዝግባ ቀርታም ይሆናል፤ ብዙ አፖች መጨረሻ የተጠቀምሽበትን ታርጋ ራሳቸው ይመርጡታል።

መንገደኛ21፦
ወይኔ! ደረሰኙ መጨረሻው 318 ነው፣ የኔ መኪና 381። በቃ አበቃልኝ?

የደንብ ሰው፦
አላበቃም። ቁጥር መገለባበጥ ቅሬታ መርማሪዎች ዘንድ የታወቀ ነገር ነው፣ ብዙ ጊዜም ይሰርዙታል። ግን እነሱ የሚያጣሩት አንድ ነገር አለ፦ 318 የሚባለው ታርጋ የሌላ መኪና ሆኖ በዚያ ሰዓት እዚያው ዞን ቆሞ እንደሆነ። ክፍያው ለሌላ መኪና እንዳልዋለ ማሳየት አለብሽ። አፑ ውስጥ የተመዘገቡ መኪኖችሽ ዝርዝር ካለ እሱንም አያይዢ።

የምትልኪው ይህ ነው፦ የቅጣቱን ወረቀት ፊትና ጀርባ፣ ሙሉ ደረሰኙን ከክፍያ መለያ ቁጥሩ ጋር፣ ሊብሬውን፣ ገንዘቡ ከሒሳብሽ መውጣቱን የሚያሳየውን የባንክ መስመር (ሌላውን ሒሳብ ሸፍኚው)። ደብዳቤው ከአምስት መስመር አይለፍ። እንዲህ ብትጽፊ ይበቃል፦

«ቅጣት ቁጥር [...]። በተጠቀሰው ቀን ከ14፡36 ጀምሮ ለዚህ ዞን ከፍያለሁ፤ ደረሰኙ ተያይዟል። ታርጋ ሳስገባ የመጨረሻዎቹን ሁለት ቁጥሮች አገለባብጫለሁ፤ 381 መሆን ሲገባው 318 ሆኗል። በስሜ ሌላ መኪና የለም፣ ክፍያውም ለሌላ መኪና አልዋለም። ሙሉ ክፍያ የተፈጸመ በመሆኑ ቅጣቱ እንዲሰረዝልኝ እጠይቃለሁ።»

በስምሽ ሌላ መኪና ካለ ያንን ዓረፍተ ነገር አውጪው። የማይሆን ነገር ከጻፍሽ ይያዛል።

ፍሬን ያዥ፦
እዚህ ላይ እስማማለሁ፣ አንድ ነገር ልጨምር። «ተቆጣጣሪው ተሳስቷል» ብለሽ በፍጹም እንዳትጽፊ። አልተሳሳተም፤ መሣሪያው ያሳየውን ነው የጻፈው። እንዲያ ካልሽ መርማሪው መዝገቡን ከፍቶ «ለ381 ክፍያ የለም» ይልና ይዘጋዋል። አንቺ የምትጠይቂው የቁጥር ስህተት ታይቶ እንዲሰረዝልሽ ነው። ሁለቱ የተለያዩ ክርክሮች ናቸው፤ ሁለተኛው ነው የሚያዋጣሽ።

ጋቢና፦
ስክሪንሾት ስል የነበረው ይህንኑ ነው።

ወረቀቱ፦
ስክሪንሾት ብቻውን አይበቃም፤ ብዙ ጊዜ ቀኑ ወይም የክፍያ መለያው ከላይ ይቆረጣል። አፑ ውስጥ ታሪክ የሚለውን ክፈቺና ደረሰኙን በፒዲኤፍ አውርጂ፣ ወይም በኢሜይል የመጣልሽን አያይዢ። ፎቶ ካለሽ ደግሞ ዋናውን ላኪ። በቴሌግራም እንደ ፎቶ ከተላከ ይጨመቃል፣ ውስጡ የተመዘገበው ሰዓትና ቦታም ይጠፋል። እንደ ፋይል ከተላከ ግን እንዳለ ይደርሳል። የዳሽቦርድ ካሜራ ያለው ሰው ካርዱን ያን ቀን ማውጣት አለበት፤ ሲሞላ አሮጌው ላይ ይቀዳበታል።

የመንገድ ዳር፦
እኔ የማዝነው ሰው ሁሉ ቅጣት ከመጣ በኋላ መሮጡ ነው። መኪና አቁሞ ለመሄድ አንድ ደቂቃ መጨመር ምን ይከብዳል? መጀመሪያ ምሰሶውን ከላይ እስከ ታች አንብቡ። አንድ ምሰሶ ላይ ሦስት ምልክት ካለ ሦስቱም ይሠራሉ፤ በዚያ ሰዓት ጥብቅ የሆነው ያሸንፋል። ክፍያ የሚጠየቅበት ቦታ ከ16፡00 በኋላ ጨርሶ መቆም የሚከለከልበት ሊሆን ይችላል፤ አፑ ገንዘባችሁን ስለተቀበለ ፈቃድ ሰጣችሁ ማለት አይደለም። ቀጥሎ ቀስቱን እዩ፤ ክልከላው ወደ የትኛው ወገን እንደሆነ የሚናገረው እሱ ነው። ከዚያ እስከሚቀጥለው ምሰሶ ሂዱ። ለቤት ዕቃ ማውረጃ ወይም ለመንገድ ጥገና በዛፍና በመብራት ምሰሶ ላይ የሚታሰር ጊዜያዊ ወረቀትም አለ፤ መኪና ለቀናት የምታቆሙ ሰዎች በየቀኑ ወይ ራሳችሁ ሂዱ ወይ ሰው ላኩ። የጊዜ ገደብ ባለበት ቦታ ደግሞ መኪናዋን ሁለት ሜትር ማስጠጋት ሰዓቱን አያድሰውም፤ በብዙ ከተማ ከዚያ መንገድ ወይም ከዚያ ዞን መውጣት ግድ ነው።

ከማሽን ደረሰኝ ለምትወስዱ፦ በሩን ስትዘጉት ንፋሱ ወረቀቱን ይገለብጠዋል። ስለዚህ በሩን ዝጉ፣ ከዚያ ከውጭ በመስታወቱ ቁጥሩ እንደሚነበብ እዩ፣ እዚያው ፎቶ አንሱት። ማሽኑ የሚያትምበት ወረቀት በሙቀት የሚሠራ ነው፤ ፀሐይ ላይ ከሰነበተ ጽሑፉ ይደበዝዛል፣ ለቅሬታ ስትፈልጉት ባዶ ወረቀት ነው የምታገኙት።

ፍሬን ያዥ፦
ጥሩ ነው፣ ግን የእህታችን ጥያቄ ይህ አይደለም፤ እሷን እኩለ ሌሊት እየጠበቃት ነው።

ኩርባ፦
መንገደኛ21፣ ስትልኪ ሁለት ነገር ተጠንቀቂ። በቴክስት በመጣ ሊንክ አትግቢ፤ የቅጣት ክፍያ ነው እያሉ ካርድ የሚዘርፉ አሉ። ማሽን ላይና የውሸት ቅጣት ወረቀት ላይ የኪውአር ኮድ የሚለጥፉም አሉ። አድራሻውን ራስሽ ጻፊው፣ የቅጣት ቁጥርሽን አስገቢ፤ ብዙ ጊዜ ተቆጣጣሪው መኪናሽን ያነሳው ፎቶ ይመጣል፣ እሱንም አውርጂው። ከላክሽ በኋላ የመቀበያ ቁጥር ካልመጣልሽ አልደረሰም በይ። ሃያ ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ ደግሞ ፋይል መጫን አትጀምሪ፣ አሁኑኑ አድርጊው።

የደንብ ሰው፦
መንገደኛ21፣ ላክሽ? የወረቀቱ ጀርባስ ቀኑ ይቆማል ይላል?

አዲስ ጎማ፦
ይቅርታ እዚሁ ልጠይቅ። የኔ ጎማ ታስሯል፣ ብረቱ ግን ላላ ያለ ይመስላል። ቀስ ብዬ ባስነሳት ይወልቃል?

ፍሬን ያዥ፦
አይወልቅም፣ እንዳትነካው! መኪናዋ ስትንቀሳቀስ ብረቱ ከጎማው ጋር ዞሮ ፓራፋንጎውን ይቀድደዋል፣ ቸርኬውንም ያጣምመዋል፤ በዚያ ላይ ማሰሪያውን ማበላሸት ራሱ ሌላ ክስ ነው። መስታወትህ ላይ የተለጠፈው ወረቀት ላይ ስልክ አለ። ደውልና ቁልፉ የትኛው ቅጣት ከተከፈለ እንደሚፈታ ጠይቅ፤ ብዙ ጊዜ ያልተከፈሉ አሮጌ ቅጣቶች ተጠራቅመው ነው የሚታሰረው። ስትከፍል የመፍቻውን ክፍያ ጨምረህ ክፈልና ደረሰኙን ያዝ። ቶሎ ካልፈታህ ክሬን ይመጣል፣ ከዚያ ማቆያው በየቀኑ ይቆጥርብሃል።

ጋቢና፦
የማሰሪያውንም ፎቶ አንሳ። ከሁሉም ጎን።